ስድስት ሆነን ሞምባሳ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እዚህ የቆምነው የቁጠባና የብድር ሪፖርት ልናቀርብ አይደለም፤ እሱን ገንዘብ ያዣችን በሚገባ አቅርባዋለች። እኛ የአንድ ቡድን አባላት የሆንን ስድስት ሴቶች ሞምባሳ ስለ ቆየንባቸው አራት ቀናት እንድንናገር ተጠይቀን ነው። «ሽርሽር ሄዳችሁ ምን ይነገራል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱን። ከተማውን ባየንበት በመጀመሪያው ቀን ማታ ቡድናችን ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። እኛ ደግሞ አንዳችን ለሌላችን የብድር ዋስ ነን። ብንለያይ ኖሮ ጉዳቱ ከሽርሽሩ አልፎ የስድስት ቤተሰብ እንጀራ ላይ ይደርስ ነበር።

አስቀድመን አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ለጉዞው ከማኅበሩ ካዝናም ሆነ ከደጋፊዎቻችን እርዳታ አንድ ሽልንግ አልወጣም። ከሳምንታዊው ስብሰባ በኋላ ለብቻ ባስቀመጥናት ሣጥን ለ14 ወር እኩል እኩል ስናዋጣ ቆይተን ነው የሄድነው። እኩል ስላዋጣን እኩል የምንደሰት መስሎን ነበር። ስህተታችን የጀመረው ከዚያ ነው።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ የሚወስደው አዲሱ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው ነው፤ ፈጣኑ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በጻቮ ፓርክ መሀል ሲያልፍ በቀይ አፈር ተለውሰው ራሳቸውም ቀይ የመሰሉ ዝሆኖች አየን። በመስኮቱ ተሻምተን፣ ዳቦ ቆሎአችንን ተካፍለን፣ ስንሳሳቅ ደረስን። እስከዚያ ድረስ ስድስታችንም አንድ ልብ ነበርን።

አሁን ማን ምን እንደሚወድ እንንገራችሁ። አንዷ እህታችን አገር ቤት ሳለች የታሪክ መምህርት ነበረች፤ ጓጉታ የመጣችው የድሮውን ምሽግ ለማየት ነው። ቅመም ነጋዴዋ ሐሳቧ ሁሉ ገበያው ላይ ነው። የሁላችን ታናሽ የሆነችው ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ባሕር ካልገባሁ ሞምባሳ ሄድኩ አልልም ባይ ናት። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ልብስ ሰፊዋ እና እማማ የምንላቸው ትልቃችን ግን ሲጠየቁ «እናንተ ያላችሁት ይሁን» ብቻ አሉ። እኛም «እነዚህ ሦስቱ ሁሉ ነገር ይስማማቸዋል» ብለን አለፍን። መምህርቷ ለቀኑ ዕቅድ ጻፈች፤ ሁላችንም እሺ አልን።

ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ፎርት ጂሰስ በር ላይ ተገኘን። ምሽጉን ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 የገነቡት ነው፤ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ያየ ሰው የሚመሰክርለት ቦታ ነው። ይሁን እንጂ የሞምባሳ ሙቀት እንደ ናይሮቢ አይደለም፤ እርጥበት ስላለው ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። እማማ ደረጃው ሥር ቆመው «እናንተ ውጡ፣ እኔ ከዚህ አያለሁ» አሉ። እንጀራ ጋጋሪዋ ጥላ ካገኘችበት ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ልብስ ሰፊዋ ከነጭራሹ አልገባችም። «እኔ ድንጋይ ማየት አልወድም፤ ሻንጣችሁን ልጠብቅላችሁ» ብላ ውጭ ቀረች። እኛም ቀኑን ሙሉ «ድንጋይ የማትወደው» እያልን ስንቀልድባት ዋልን።

ከዚያ ገበያው ስንደርስ ሻጮቹ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው። ባሕሩ ዳርቻ የደረስነው ደግሞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነበር፤ ውሃው የለም! የሕንድ ውቅያኖስ በየስድስት ሰዓቱ ግድም እየሸሸ እየተመለሰ እንደሚውል ማናችንም አላሰብንም። ታናሻችን ልብሷን ቀይራ ብትወጣ ያገኘችው እርጥብ አሸዋና የባሕር ሣር ነው።

ማታ በተከራየነው ቤት ጠቡ ተነሣ። ታናሻችን እያለቀሰች «14 ወር ያጠራቀምኩት ጭቃ ለማየት ነው?» አለች። መምህርቷ «ዕቅዱን ሳነብ ሁላችሁም እሺ ብላችኋል» ብላ መለሰች፤ እውነቷን ነው። ቅመም ነጋዴዋ ግን «ነገ የራሴን መንገድ እሄዳለሁ። ናይሮቢ ስንመለስም ዋስትናዬን አነሣለሁ» አለች። ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ቤቱ ጸጥ አለ።

ዝምታውን የሰበሩት እማማ ናቸው። ቀሚሳቸውን ትንሽ ገለጥ አድርገው ጉልበታቸውን አሳዩን። አብጧል። «ምሽጉን ጠልቼ አይደለም፤ ደረጃው ነው ያቃተኝ። ጉዟችሁን እንዳላበላሽ ብዬ ዝም አልኩ» አሉ። እንጀራ ጋጋሪዋ ቀጠለች፦ «እኔ በየቀኑ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምነሣው። የመጣሁት አንድ ቀን እስኪበቃኝ ልተኛ ነው። ባሕር አገር ሄጄ ልተኛ ብል ትስቁብኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።» ልብስ ሰፊዋ እስከ መጨረሻው አልተናገረችም። ስንጎተጉታት አንገቷን ደፍታ «መግቢያውን ስትጠይቁ ሰምቻለሁ። የውጭ አገር ሰው ከአገሬው የበለጠ ነው የሚከፍለው። እጄ ላይ ያለችው የልጄ የትምህርት ቤት ናት» አለች።

ስንቀልድባት የዋልነው ትዝ ሲለን ፊቷን ማየት አቃተን።

ያን ሌሊት የገባን ነገር ይህ ነው። አንዱ ምሽግ፣ አንዱ ገበያ፣ አንዱ ባሕር ቢወድ ጓደኛን አያጣላም፤ ይነገራል፣ ይከፋፈላል። የሚያጣላው ያልተነገረው ነው። «አልወድም» የሚለው ቃል ሥር አንዳንዴ የታመመ ጉልበት፣ አንዳንዴ ድካም፣ አንዳንዴ ባዶ ኪስ ተደብቋል። እኛ በየሳምንቱ እየተገናኘን የእህታችንን ኪስ ሳናውቅ ኖረናል። እሷም ለመናገር አፍራ እኛም ሳንጠይቅ ቀረን።

በዚያው ሌሊት እማማ መሀል ተቀምጠው አራት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ መኝታ፣ መግቢያና እራት ከጋራ ሣጥን ይከፈላል፤ ለራስ የሚገዛ ነገር ከራስ ኪስ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቀን ቀን ሁለት ወይም ሦስት እየሆንን እንደየፍላጎታችን እንሄዳለን፤ ተለይቶ መሄድ እንደ ኩርፊያ አይቆጠርም። ሦስተኛ፣ ማታ ማታ ሁላችንም አንድ ቦታ ተገናኝተን አብረን እንበላለን። አራተኛ፣ «አልሄድም» ያለችን ሰው ፊት አንሟገታትም፤ አንዳችን ለብቻዋ ጠጋ ብለን ምክንያቷን እንጠይቃታለን።

ሁለተኛውን ደንብ ከተማው ራሱ ያግዘዋል። የሞምባሳ ቱክቱክ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምንለው፣ የሚጭነው ሦስት ሰው ነው። ስድስት ሆኖ በአንዱ መሄድ አይቻልም።

ዓርብ ዕለት እንጀራ ጋጋሪዋን ማንም አልቀሰቀሳት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ስትነሣ ማሃምሪ እና ምባዚ አምጥተን ጠበቅናት። ማሃምሪ ሄል ያለበት፣ እንደ ቦምቦሊኖ በዘይት የሚጠበስ ነው፤ ምባዚው የእርግብ አተር በኮኮናት ወተት የተሠራ ወጥ ነው። ቅቤም ሥጋም የለበትም፤ ለዓርብ ጾማችን የታዘዘ ይመስል ነበር። እሷም በልታ ሳትጨርስ «በቀን ስንት ይጠብሳሉ? ዱቄቱን በስንት ይገዙታል?» ማለት ጀመረች። ዕረፍት ያገኘ ሰው ለሥራውም አዲስ ዓይን ያወጣል።

ቅመም ነጋዴዋና ልብስ ሰፊዋ በማለዳ ወጥተው ነበር። መጀመሪያ ማሪኪቲ ወደሚባለው የድሮ ገበያ ሄዱ፤ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው፣ ቁንዶ በርበሬው፣ እርዱ በከረጢት ተደርድሯል። ቀጥለው ሌሶ ወደሚሸጥበት ቢያሻራ መንገድ ተሻገሩ። ሌሶ የባሕር ዳርቻዎቹ ሴቶች የሚያገለድሙት ጥለቱ ያማረ ጨርቅ ነው። ሁለቱ ሳይቆረጡ አንድ ላይ ይሸጣሉ፤ ገዢዋ አስቆርጣ ጠርዙን ታሰፋለች። እያንዳንዱ ላይ የስዋሂሊ አባባል ታትሞበታል፤ ሴቶቹ በአፋቸው ሊሉት የማይፈልጉትን በልብሳቸው ይናገሩበታል። ልብስ ሰፊዋ ጠርዝ የሚሰፉት ሰዎች አጠገብ ቆማ እጃቸውን ስታይ ሁለት ሰዓት አለፈ። ይህን ለማየት የሚከፈል ነገር የለም።

ታናሻችን የባሕር ዳር ልጆችን ጠይቃ ውሃው እኩለ ቀን ላይ እንደሚመለስ አወቀች። በሰዓቱ ደረሰች፤ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ተከራይታ ስትንሳፈፍ ዋለች። መምህርቷ ዳር ተቀምጣ ጠበቀቻት። በምላሹ ታናሻችን አሥር ሰዓት ላይ ከመምህርቷ ጋር በድሮው ከተማ ጠባብ መንገዶች አለፈች፤ የተቀረጹትን የእንጨት በሮች አብረው አዩ።

እማማ የመረጡት ማማ ንጊና በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ መቀመጥ ነው። ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገቡት ትላልቅ መርከቦች ከዚያ ፊት ለፊት ያልፋሉ፤ ሰው የሚጠራ ያህል ይቀርባሉ። እንጀራ ጋጋሪዋ አብራቸው ተቀመጠች። ማታ ስንሰበሰብ እማማ «ባሕር እንዲህ ቁጭ ብለው የሚያዩት ከሆነማ እኔም ባሕር እወዳለሁ» አሉን።

እዚያው ካሳቫ ጥብስ በሎሚና በሚጥሚጣ እየበላን መምህርቷ አንድ ታሪክ ነገረችን። ቫስኮ ዳ ጋማ እ.ኤ.አ. በ1498 ሞምባሳ ሲደርስ በጠላትነት ተቀበሉት፤ እሱም ወደ ማሊንዲ አለፈ። ልጁ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ ደግሞ በ1541 ወታደሮች ይዞ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን የገባው፣ አፄ ገላውዴዎስን ሊረዳ መጥቶ በ1542 የተገደለው ነው። አባትና ልጅ መሆናቸውን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ታሪክ ይሰለቸኛል ስትል የነበረችው ታናሻችን እራቱ እስኪነሣ ድረስ ጥያቄ አላቆመችም። ሐሙስ ዕለት በጠራራ ፀሐይ ይህንኑ ብትነግረን የሚሰማት ሰው አታገኝም ነበር።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አንልም። ቅመም ነጋዴዋና መምህርቷ በሰዓት አከባበር ዛሬም አይስማሙም። ዋስትናው ግን አልተነሣም፤ ስድስታችንም ብድራችንን በወቅቱ እየከፈልን ነው።

ወደ ማኅበራችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት በተሰጠው ሥልጠና ላይ ከቡድናችን አቅራቢያ ሦስት እህቶች አልመጡም። በሪፖርቱ ላይ «ፍላጎት አላሳዩም» ብለን የጻፍነው እኛው ነን። ከሞምባሳ ስንመለስ ቤታቸው ሄደን ለየብቻ ጠየቅናቸው። አንዷ ሕፃኗን የሚይዝላት ሰው አጥታ ነው። ሌላዋ የመሳፈሪያ አልነበራትም። ሦስተኛዋ እውነትም ሥልጠናውን አልፈለገችውም፤ ያም መብቷ ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል መጻፋችን ሁለቱን በድሏል፤ እዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በየቡድኑ ስብሰባ መጀመሪያ ዝምተኞቹ ይናገሩ፤ ደፋሮቹ በኋላ ይድረሳቸው። ማኅበሩ አባላትን ወደ አንድ ቦታ ሲጠራ የመሳፈሪያውና የልጅ መያዣው ነገር ቀድሞ ይታሰብ፤ ማንም ድህነቷን በአደባባይ ለመናገር አትገደድ። ደጋፊዎቻችንም ሪፖርታችን ላይ «ፍላጎት የለም» የሚል ቃል ስታገኙ «ጠይቃችኋቸዋል ወይ?» ብላችሁ መልሱልን።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ጨርቅ ከጋራው ሣጥን በተረፈችው ገንዘብ የገዛነው ሌሶ ነው፤ ጠርዙን የሰፋችው ልብስ ሰፊዋ እህታችን ናት። የታተመበት «ሃባ ና ሃባ ሁጃዛ ኪባባ» ይላል፤ ጥቂት በጥቂት ስፍሩን ይሞላል ማለት ነው። በሚቀጥለው ጉዞ አብራችሁን ለመሄድ የምትፈልጉ ሣጥኗ ከስብሰባው በኋላ ክፍት ናት። ስትመዘገቡ የምትወዱትንም የማትችሉትንም አብራችሁ ንገሩን።