ሐምሌን ያለ ሲኒማ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ተማሪነት ሕይወትህ አሥር ደቂቃ ተናገር» አሉኝ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ግን ፈተናውንም፣ የካፌውን ወጥም፣ ኬኔዲ ላይብረሪንም ጨርሰውታል። ለእኔ የቀረኝ ዕረፍቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ሻንጣችንን ተሸክመን አገራችን ስንገባ ስለሚይዘን ድብርት ማንም አላነሳም፤ እሱን እኔ ልናገር።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ስድስት ኪሎ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። እሑድ ከምሳ በኋላ አራት አምስት ሆነን በእግር እንወርዳለን፤ አራት ኪሎን አልፈን፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረን፣ ፒያሳ፣ ሲኒማ ኢትዮጵያ። የታክሲዋ ሳንቲም ለትኬት ስለምትፈለግ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ኪሳችን ደህና የሆነ ቀን እስከ አምባሳደር እንዘልቃለን። ፊልሙ አዲስ ሆነ አሮጌ ግድ የለንም። ዋናው ነገር መመለሻው ላይ ነበር። ዳገቱን እያለከለክን የሕግ ተማሪው ከሳይንሱ፣ የታሪኩ ከኢኮኖሚክሱ ጋር እስከ ዶርም በር ድረስ ይከራከራል። መምህሮቼ ቅር አይበላችሁና፣ ከሌላ ዲፓርትመንት ተማሪ ጋር የምር የተነጋገርኩት እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ሐምሌ ሲገባ ይሄ ሁሉ ቀጥ ይላል። አገሬ ደብረ ታቦር ነው። መጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጠላ ይቀዳል። በሁለተኛው ሳምንት የጉና ጉም መጥቶ ይተኛብናል፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው እርስ በርሱ አይሰማማም። ይዤ የገባሁትን መጽሐፍ ሁለቴ ጨርሻለሁ። የልጅነት ጓደኞቼ ግማሾቹ አገር ለቀው ወጥተዋል፤ የቀሩት ደግሞ «አንተማ ተምረሃል» እያሉ ወሬ ይቆጥቡብኛል። ቡሄ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።

«እማ፣ ደበረኝ» አልኳት አንድ ቀን።

«እህሉ አለ፣ ቤቱ አለ፤ ምን ጎደለህ?» አለች።

ሲኒማ ነዋ! እሷ ግን በዕድሜዋ ሲኒማ ገብታ አታውቅም። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሰው «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደነበር ብነግራት፣ «ታዲያ አንተ እዚያ ነው የምትውለው?» ብላ አማተበች። እንግዲያው ላውራሽ ብዬ፣ ቡና እየቆላች «ማዘር ኢንዲያ»ን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ፣ ናርጊስ የተወነችበት፣ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ፊልም ነው። ባሏ ትቷት የሄደ ድኻ እናት፣ አራጣ አበዳሪ እየመዘበራት ልጆቿን ታሳድጋለች። አንደኛው ልጇ ሽፍታ ይወጣል፤ አበዳሪውን ይገድላል፣ የአበዳሪውንም ልጅ በሠርጓ ቀን ይጠልፋል። እናት ጠመንጃ አንስታ የገዛ ልጇን ትመታዋለች።

ከፒያሳ ስንመለስ የተሟገትነው እናት ልጇን መግደል ነበረባት ወይ በሚለው ነበር። የሕጉ ተማሪ ስለ ፍርድ፣ ሌላው ስለ መደብ፣ አንዱ ስለ አራጣ ወለድ አወራ፤ አራት ኪሎ ላይ ልንደባደብ ምንም አልቀረን። እናቴ ግን እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና የቡናውን ምጣድ አስቀምጣ፣

«ልጅቱስ?» አለች።

«የቷ ልጅ?»

«የተጠለፈችዋ ነዋ። ያ ሁሉ ደም ፈሶ፣ ኋላ ማን አገባት?»

በዚያ ሁሉ ጩኸታችን ውስጥ ይሄ ጥያቄ አልተነሳም። ጠለፋ ምን እንደሆነ እሷ ከሕግ ተማሪውም ታውቃለች፤ የታላቅ እህቷ ትዳር እንዴት እንደተጀመረ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከአቦል እስከ በረካ ነገረችኝ። እዚህ አልደግመውም፤ ነገሩ የእሷ ነው።

መስከረም አልፎ ዶርም ስንገናኝ የእናቴን ጥያቄ አቀረብኩላቸው። ክርክሩ እንደ አዲስ ፈነዳ፤ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ ስገባ ለክረምት የሚሆን ፊልም እመርጥ ጀመር። አንዳንዱን ግን ገና ሳልጋመስ «ተወው፣ ውሸት ነው» ትለኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነበረች።

ዛሬ ልጄ ለዕረፍት ቤት ሲመጣ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ ጆሮው ላይ ሽቦ ሰክቶ፣ በስልኩ በቀን ሦስት ፊልም ያያል። ፊልም አልጎደለውም። «ደብሮኛል» ማለቱን ግን እንደ እኔው አልተወም። ምን አየህ ስለው «አሪፍ ነው» ብቻ! የሚሟገተው ሰው አጠገቡ የለማ።

ስለዚህ ከዚህ መድረክ ሳልወርድ አንድ ነገር ልለምን። ራስ መኮንን አዳራሽ አለ፤ ማሳያው መሣሪያ አይጠፋም። በወር አንድ ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ ከሁሉም ዲፓርትመንት ተማሪና መምህር አንድ ላይ ተቀምጦ አንድ ፊልም ይይ። ሲያልቅ መብራቱ ይብራና ማንም ቶሎ አይውጣ። የአንድ ዓመቱን ወጪ እኔና አብረውኝ የተመረቁት እንችላለን፤ ፊት ወንበር ላይ ያላችሁት ሦስታችሁ ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ስለሆነ እንደተስማማችሁ ቆጥሬዋለሁ። ቡናውን ደግሞ መምህሮቻችን ይቻሉን።