ከመፈረማችን በፊት፦ ስለ አክሲዮንና ቦንድ ለጠየቃችሁት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ አክሲዮንና ቦንድ ነው። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ባለፉት ሁለት ስብሰባዎች «የማኅበሩ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ ዋጋው ከሚያልቅ አክሲዮን እንግዛበት» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሳይወሰን አድሯል። ብዙዎቻችሁም በየግላችሁ መግዛት ትፈልጋላችሁ። ጸሐፊያችን ጥያቄዎቻችሁን ሰብስባ ስለሰጠችኝ በተራ እመልሳለሁ። «ይህን ባንክ ግዙ፣ ያንን ተዉ» ግን አልልም። ይህ ገንዘብ እንጀራ ተጋግሮ፣ ጉሊት ተውሎ፣ ልብስ ተሰፍቶ የተገኘ ነው። ባለቤቷ ራሷ አይታና ጠይቃ ልትወስንበት ይገባል።

አክሲዮንና ቦንድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቦንድ ብድር ነው። ገንዘባችሁን ለመንግሥት ወይም ለድርጅት ታበድራላችሁ፤ ተበዳሪው በተጻፈው ቀን ዋናውን ከነወለዱ ይመልሳል። ቢያተርፍም ባያተርፍም ወለዳችሁ ያው ነው። አክሲዮን ደግሞ ሽርክና ነው። ድርጅቱ ሲያተርፍ ድርሻችሁን ታገኛላችሁ፤ ሲከስር አብራችሁ ትከስራላችሁ። «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብትሉ ኩባንያው የመመለስ ግዴታ የለበትም። መውጫው ድርሻችሁን ለሌላ ሰው መሸጥ ነው።

እቁብ ጥለን ተራችን ደርሶ ገንዘብ መቀበል ስለለመድን አክሲዮንንም እንደዚያ የምናይ አለን። አክሲዮን ተራ የለውም፤ የሚመለስበት ቀንም የለውም።

ገንዘቤን ባንክ ባስቀምጠው ምን እጎዳለሁ?

ዋጋ ሲንር ትጎዳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ የተቀመጠ 1,000 ብር በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ በዓመቱ 1,070 ሲሆን፣ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው አስቤዛ ግን ከ1,300 ብር በላይ ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ «ገንዘባችን እያለቀ ነው» የምትሉት እውነት ነው።

ነገር ግን ከዚህ ጉዳት መሸሽ ብቻውን አክሲዮን ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። ባንክ ያለው ገንዘብ ልጅ በታመመ ሌሊት ይወጣል። በተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አማካይነትም እስከ 100,000 ብር ድረስ ዋስትና አለው። አክሲዮን ግን በዚህ መድን አይሸፈንም።

ቦንድስ ከዋጋ ንረት ያድናል?

ሁልጊዜ አያድንም። ሁላችንም የምናውቀውን የሕዳሴ ግድብ ቦንድ እንውሰድ። ሽያጩ በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር ለረጅም ጊዜ ለሚያስቀምጥ ሰው ወለዱ በዓመት 6 በመቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ስለነበር ቦንዱ ይበልጥ ነበር። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባው ወለድ ወደ 7 በመቶ ከፍ አለ፤ አስቀድሞ የተገዛው ቦንድ ግን በተጻፈበት ወለድ ቀጠለ። ያን ቦንድ የገዛነው ለአገር ብለን ነው፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። እንደ ገንዘብ ውሳኔ ብቻ ስናየው ግን የሚያስተምረን አለ፤ ቦንድ ዋናችሁን ይጠብቃል እንጂ የዋናችሁን የመግዛት አቅም እጠብቃለሁ ብሎ ቃል አይገባም።

መንግሥት ለአጭር ጊዜ የሚበደርበት የግምጃ ቤት ሰነድ የሚባልም አለ፤ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ነው። ቀኑ አጭር ስለሆነ ወለዱ ሲለወጥ ገንዘባችሁ ብዙ ሳይቆይ ይለቀቃል። እንዴት እንደሚገዛና ትንሹ መጠን ስንት እንደሆነ ባንካችሁን ጠይቁ።

ታዲያ ለእኔ የቱ ይሻላል?

ከሁሉም አስቀድሞ «ይህን ገንዘብ መቼ እፈልገዋለሁ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። በሚቀጥለው መስከረም ለልጆች ትምህርት የሚከፈል ከሆነ ባንክ ይቀመጥ። ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ለታወቀ ጉዳይ የምትፈልጉት ከሆነ ቀኑ የተቆረጠ ቁጠባ ወይም ቦንድ ተመልከቱ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ባታዩት ቤታችሁ የማይጎድል ገንዘብ ከሆነ ያን ጊዜ ስለ አክሲዮን እናውራ። ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ በእጇ የሌላት እኅት፣ ወይም ወለድ የሚቆጥር ዕዳ ያለባት፣ መጀመሪያ ያንን ትጨርስ። ተበድሮ አክሲዮን መግዛትማ አይታሰብ፤ ትርፉ ባይመጣም ዕዳው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

በትንሽ ገንዘብ መጀመር ይቻላል?

ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱ ሽያጭ የራሱ ዝቅተኛ መጠን አለው። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አክሲዮን ሲሸጥ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው። ባንኮችም የየራሳቸውን ወለል ያስቀምጣሉ።

እዚህ ላይ የምትጠነቀቁት «የተፈረመ» እና «የተከፈለ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ነው። አንዲት እኅት የ40,000 ብር አክሲዮን ፈርማ 10,000 ብር ከከፈለች የቀረው 30,000 ብር ዕዳዋ ነው። በቀኑ ካልከፈለች ድርሻዋን እስከማጣት ልትደርስ ትችላለች። «አሁን ሩቡን ብቻ ክፈዪ» የሚላችሁ ሻጭ ቀሪው መቼ እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ያሳያችሁ። ከአክሲዮኑ ዋጋ ሌላ የአገልግሎት ክፍያም አለ። እሱ ወጪ ነው፤ አክሲዮን አይሆንም።

ባንኩ «30 በመቶ ትርፍ ከፈለ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ይህ ነው። በመቶኛው የሚሰላው ብዙ ጊዜ በአክሲዮኑ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው፤ እናንተ በከፈላችሁት አይደለም። የተጻፈ ዋጋው 1,000 ብር የሆነ አክሲዮን 30 በመቶ ከከፈለ 300 ብር ታገኛላችሁ። ያንን አክሲዮን ከሌላ ሰው በ2,000 ብር ከገዛችሁት ግን 300 ብሩ ለእናንተ 15 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያም ላይ ግብር ይቆረጣል። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን የተጻፈ ዋጋው 100 ብር ሲሆን የተሸጠው በ300 ነው። ስለዚህ «ስንት በመቶ ከፈለ?» ከማለት ይልቅ «ለአንድ አክሲዮን ስንት ብር ከፈለ? እኔስ በስንት እገዛዋለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ያለፈው ዓመት ትርፍ ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም። አንድ ድፎ ዳቦ ለአሥር ሰው ሲቆረስና ለሃያ ሲቆረስ አንድ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዝዟል። ለዚህም ብዙዎቹ አዳዲስ አክሲዮን ሸጠዋል። ትርፉ በዚያው ልክ ካላደገ የእያንዳንዱ ቁራሽ ያንሳል። ስለዚህ የአንድ ዓመት ሳይሆን የአምስት ዓመት ሪፖርት ጠይቁ፤ ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን ብር በየዓመቱ ጎን ለጎን ጻፉት። ለዚህ ከመደመርና ከማካፈል የበለጠ ሒሳብ አያስፈልግም።

ገንዘቡ ቢያስፈልገኝ መሸጥ እችላለሁ?

በሕግ ትችላላችሁ፤ በሚፈልጉበት ቀንና ዋጋ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነበር። በዚህ ገበያ ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል መግዛትና መሸጥ ይቻላል። ሆኖም በአገራችን ካሉት አክሲዮን ማኅበራት አብዛኞቹ ገና እዚያ አልገቡም። ገበያ ውስጥ ላልገባ አክሲዮን ገዢውን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ዝውውሩም በኩባንያው የባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ይህ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የቸኮለ ሻጭ ደግሞ በርካሽ እንደሚሸጥ ጉሊት የዋለች ሁሉ ታውቀዋለች። «መቼ እፈልገዋለሁ?» የሚለውን ጥያቄ ያስቀደምኩት ለዚህ ነው።

ሻጩ እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?

በወረቀት። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ሒሳቡንና ሥጋቱን የሚገልጽ ደንበኛ ሳቢ መግለጫ አዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት። እንግዲህ ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፦

መግለጫው ተመዝግቧል? ቅጂውን ስጠኝ።
በውጭ ኦዲተር የተመረመረ የሦስት ዓመት ሒሳብ አለ?
ገንዘቡ የሚገባው በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው ወይስ በግለሰብ?
ድርጅቱ ገና በምሥረታ ላይ ከሆነ፣ ምሥረታው ባይሳካ ገንዘቤ በምን ጊዜና እንዴት ይመለሳል?

መግለጫው ቢከብዳችሁ ወደ ማኅበሩ አምጡትና አብረን እናንብበው። «ነገ ይዘጋል፣ ዛሬ ፈርሚ» ያለ ሰው ግን መልስ አያስፈልገውም። «በየወሩ 10 በመቶ የተረጋገጠ ትርፍ» ወይም «ሁለት ሰው ካመጣሽ ድርሻሽ ይጨምራል» የሚል ካለ ደግሞ ነገሩ አክሲዮን አይደለም፤ ከኋላ የገባችውን ገንዘብ ለፊተኛዋ መስጠት ነው። ጎረቤታችሁ መቀበሏም ማረጋገጫ አይሆንም። እንዲህ ያለው ነገር መጀመሪያ የገቡትን እየከፈለ ነው ሌላውን የሚስበው።

በማን ስም ይሁን?

ይህን የጠየቁት ሦስት እኅቶች ናቸው፤ ሦስቱም ባለትዳር። በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕጉ በሁለቱም ስም የተመዘገበን ሰነድ ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። በባል ስም ብቻ ከተመዘገበ ግን ድርሻው የጋራ መሆኑን የምታስረዱት አንዳንዴ ከተሸጠ በኋላ፣ ያውም ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ነው። እንጀራ ጋግራችሁ የገዛችሁት ከሆነ ስማችሁ ወረቀቱ ላይ ይኑር። ይህን ባለቤታችሁን አለማመን አታድርጉት፤ ለልጆቻችሁ የሚተርፍ ማስረጃ ነው።

የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ለምታምኑት ሰው ስጡ። ሰው ሲያልፍ ቤተሰቡ የማያውቀው አክሲዮን ሳይጠየቅ ይቀራል። የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ ሲመጣም ሂዱ፤ መሄድ ካልቻላችሁ ውክልና ስትሰጡ ለማን እንደሰጣችሁ እወቁ።

የማኅበሩን ገንዘብስ?

ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። የማኅበራችን ገንዘብ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ በሦስት ከፍለን እንየው።

የመጀመሪያው ለሕመም፣ ለሐዘንና ለአባላት ብድር የሚውለው ነው። ይህ በማንኛውም ቀን ሊጠየቅ ስለሚችል ከባንክ መውጣት የለበትም። ሁለተኛው ደጋፊዎቻችን ለተወሰነ ሥራ የሰጡን ነው። የሥልጠና ገንዘብ ለሥልጠና፣ የስፌት መኪና ገንዘብ ለስፌት መኪና ይውላል። ትርፍ ቢያመጣም እንኳ ያለ ሰጪው ፈቃድ አክሲዮን አይገዛበትም። ይህን ዛሬ በግልጽ የምናገረው ደጋፊዎቻችን እዚህ ስላሉና እንዲሰሙት ስለምፈልግ ነው።

ሦስተኛው ከአባላት መዋጮ የተጠራቀመው፣ ለአምስት ዓመት የማንነካው ነው። ስለ አክሲዮን ልንነጋገር የምንችለው በዚህ ላይ ብቻ ነው። በእሱም ቢሆን ሁሉንም አንድ ላይ አናስገባ፤ ጤፍ ብቻ የዘራ ገበሬ ዝናቡ ያጎደለ ዓመት የሚበላው ያጣል። ከፊሉ ቀኑ በተቆረጠ ቁጠባ ወይም ቦንድ ይቀመጥ፤ ከፊሉ ከአንድ በላይ በሆነ ድርጅት ይሁን። ግዢው ሕጋዊ ሰውነት ባለው በማኅበሩ ስም ይፈጸም። በሊቀመንበሯም ሆነ በገንዘብ ያዧ ስም አይሁን፤ እነሱን ከሐሜት፣ እኛንም ከጸብ ያድናል። ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ የትኛዋም አባል በወጣች ጊዜ ድርሻዋ እንዴት እንደሚታሰብም ከመግዛታችን በፊት ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ እኔ በበኩሌ አልደግፍም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ስብሰባ ስንወስን ሦስት ነገር ይዘን እንምጣ፦ ለአምስት ዓመት የማንነካው ገንዘብ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ሒሳብ፣ የምንመርጣቸውን ድርጅቶች የአምስት ዓመት ሪፖርት፣ እንዲሁም የወጪ አባል ድርሻን የሚደነግግ ረቂቅ። እነዚህ ከተሟሉ ድምፅ እንስጥ። ካልተሟሉ ገንዘቡ ባንክ ይቆይ። አንድ ወር በመዘግየታችን የምናጣው ጥቂት ነው፤ ሳናነብ ፈርመን የምናጣው ግን የስንት ዓመት ላባችንን ነው።