ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ የሞተ አይደለም
(ስለ ልጆች ትምህርት የቀረበ ንግግር)



ልጅ ስለ ዛፍ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ? ለምንስ ረገፈ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከሩቅ አገር መጽሐፍ ተቀድቶ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቅጠል የሚረግፈው ቀኑ ሲያጥርና ብርድ ሲቃረብ በመሆኑ፣ ተርጓሚው ወቅቱን «መፀው» ይለዋል። በኢትዮጵያ ደጋ ግን መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው፣ ሜዳው በአበባ የሚያሸበርቅበትና እህል የሚያሽትበት ጊዜ ነው። መጽሐፉ ስለ መርገፍ ሲናገር የልጁ ዓይን የሚያየው ማበብን ነው።

ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተ ሰቦች በሚኖሩባት በሐርጌሳም የመጽሐፉ መልስ አይስማማም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ፣ ዝናብ የሚያንሳት ናት። የአገሩ ሰዎች ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ዋናው ዝናብ «ጉ»፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነፋሻ ወቅት «ሐጋ»፣ አነስተኛው የመኸር ዝናብ «ደይር»፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ረጅሙ ድርቅ «ጂላል» ይባላል። በዚያ ዛፍ የሚራቆተው ይልቁንም በውሃ እጦት ምክንያት ነው።

ከሐርጌሳ ሰፈሮች አንዱ ዳሚ ነው። በብረትና በቆዳ ሥራ፣ በፀጉር አስተካካይነትም የሚታወቁት ገቦዬ የሚባሉት ወገኖች በብዛት የሚኖሩበት ሲሆን፣ የትምህርት ወጪ ለብዙ ቤተ ሰብ የሚከብድበት ሰፈር ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ ውድ የማስተማሪያ መሣሪያ ከመጠበቅ ይልቅ በደጅ ያለውን ዛፍ መጠየቅ ይሻላል።

ለልጁ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነው። ቅጠል ምግብ ለማዘጋጀት ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ይከፍታል፤ በእነዚሁ ቀዳዳዎች ውሃ ተንኖ ይወጣል። በጂላል መሬቱ ሲደርቅ ሥሩ የሚስበው ውሃ ቅጠሉ የሚያወጣውን መተካት ይሳነዋል። ስለዚህ ዛፉ ወጪውን ይቀንሳል። ክሎሮፊል የተባለውን አረንጓዴ ቀለም አፍርሶ፣ በቅጠሉ ውስጥ ካለው ናይትሮጅንና ሌላ ጠቃሚ ነገር ብዙውን ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይመልሳል። አረንጓዴው ሲጠፋ ቀድሞም በውስጡ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ይገለጣል። በብርድ አገር የሚታየው ቀይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ አዲስ የሚሠራ ቀለም ነው። ከዚያም በቅጠሉ ዘንግና በቅርንጫፉ መካከል የመለያያ ሽፋን ይበጃል፤ ነፋስም የሚወስደው ዛፉ አስቀድሞ የለቀቀውን ቅጠል ነው።

ይህን ልጆች በእጃቸው ሊመረምሩት ይችላሉ። በለምለሙ ወራት በቅጠላም ቅርንጫፍ ላይ ፌስታል አጥልቀው አፉን በክር ቢያስሩ፣ ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ከቆየ በኋላ በውስጡ የውሃ ጠብታ ያገኛሉ። ሰፋ ያለ ቅጠል ካለው ዛፍ ላይ በለምለምነቱ ተሰብሮ የደረቀ ቅርንጫፍ ቢፈልጉ ደግሞ፣ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ብዙ ጊዜ እንደ ተጣበቀ ያዩታል፤ የመለያያውን ሽፋን የሚሠራው ሕያው አካል ብቻ ነውና። በመጨረሻም በጂላል የተራቆተውን ዛፍ የቀጭን ቅርንጫፍ ልጥ በጥፍር ትንሽ ፋቅ ቢያደርጉ፣ ሕይወት ካለው ከሥሩ እርጥብና አረንጓዴ ሆኖ ይታያል።

ሆኖም ሁሉም ዛፍ አንድ ደንብ የለውም። በሐረርጌ ደጋ ገበሬዎች በማሽላና በበቆሎ ማሳ መካከል የሚያቆዩት ግርቢያ በዝናብ ወራት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ መምህር ደንቡን ከመናገሩ በፊት ዛፉን ቢያስመለክት ይመረጣል።

ነገሩ ከዕውቀት ባሻገር የኑሮ ጉዳይ ነው። በሐርጌሳ ምግብ በአብዛኛው የሚበስለው በከሰል ነው፤ የቀጥቃጩም ምድጃ ከሰል ይሻል። ከሰሉ በይበልጥ የሚገኘው ሶማሌዎች «ገሎል» ከሚሉት የግራር ዓይነት ነው። የከብት አርቢ ልጅ የተራቆተው ግራር በጉ ዝናብ እንደሚያቆጠቁጥ ከአባቱ ይማራል። የከተማው ልጅ ግን ዛፉን የሚያውቀው ከሰል ሆኖ በጆንያ ሲገባ ነው። ራቁቱን የቆመውን ሁሉ እንጨት ነው ብሎ ካደገ፣ ነገ ሲቆረጥ ቢያይ አይገደውም፤ ዛፉ የከብት ጥላና መኖ፣ የአፈርም መያዣ መሆኑን የነገረው የለምና።

ከዚህ የተነሣ የሚጠበቀው ሥራ ከባድ አይደለም። አስተዳደሩ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ያለ አንድ ዛፍ እንዳይቆረጥ ቢያስጠብቅ፣ መምህራንም ልጆቹ በየወሩ ያዩትን በደብተር እንዲጽፉ ቢያደርጉ ይበቃል። ወላጆችም ልጁ ከዛፍ ሥር ቆሞ ሲጠይቅ «ደርቋል» ብለው አይለፉት፤ ልጡን ፍቀው ያሳዩት። በሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ፣ የሞተ የመሰለው ዛፍ ሲያቆጠቁጥ ልጆቹ ራሳቸው አይተው በደብተራቸው ይጽፉታል።