ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና በዳሞታ ግርጌ

ቀዳማዊ፦ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው ሶዶ፣ በፈረንጆች 1996 ለገበያ በቀረበችውና የብረት ጣሪያዋን በ25 ሴኮንድ አጥፋ በኋላዋ በምትሰውረው በመርሴዲስ ኤስኤልኬ ልቡ የተማረከ ሰው ቢኖር፣ ውበቷን ከማድነቁ አስቀድሞ ምሥጢረ ጣሪያዋን ይመርምር እላለሁ።

ካልዕ፦ ምሥጢሩ ምንድን ነው፣ ጋሼ?

ቀዳማዊ፦ ጣሪያውን የሚያነሣውና የሚያወርደው በፓምፕ የሚገፋ ዘይት ነው፤ ዘመን ሲረዝም የሲሊንደሮቹ ጎሚኒ ይደርቅና ዘይቱ ይንጠባጠባል፣ ጣሪያውም በሰማይና በምድር መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብልህ መካኒክ ጎሚኒውን ብቻ ይለውጣል፤ ሙሉውን ሲሊንደር ካልገዛህ የሚል ግን፣ ይቅር ይበለኝና፣ የባለቤቱን ኪስ ያራቁታል።

ካልዕ፦ አቧራውስ? ዝናቡስ?

ቀዳማዊ፦ አቧራው አየር ማጣሪያውን ይደፍናል፤ ዝናቡም ባረጀው የጣሪያ ጎሚኒ ሾልኮ ወንበሩን ያርሳል፤ ዝቅ ያለው ሆዷ ደግሞ ከአስፋልት በወጣች ቁጥር ከኮረት ጋር ይፋተጋል።

ካልዕ፦ እኔስ ባጃጅ ይሻለኛል፤ ጣሪያው ሸራ ነው፣ መለዋወጫውም አዲስ አበባ ድረስ አያስኬድም።

ቀዳማዊ፦ መሣቅሽ ይገባኛል፤ ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ ወዲህ፣ ባለቤቷ ሌላ አሮጌ መኪና ከባሕር ማዶ ከማስመጣት ይልቅ ያቺኑ እያስጠገነ መኖርን ይመርጣል።

ካልዕ፦ ጣሪያዋን ዘግቶ፣ ጋሼ?

ቀዳማዊ፦ ዘግቶ፣ እኅቴ።