ለአስታማሚዎቻችንም ካርድ ይውጣ
(በናይሮቢ በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ጤና ተናገሩ ሲሉን ሐኪም አይደለንም፣ ባለ ሱቅ ነን ብለናቸው ነበር። ይሁን እንጂ ባለ ሱቅ የሰፈሩን ጓዳ ሳይወድ ያውቃል። የአዋቂ ዳይፐር ማን እንደሚገዛ፣ ለአጥሚት አጃ ማን በየሳምንቱ እንደሚወስድ፣ በዱቤው ደብተር የማን ሂሳብ እንደሚረዝም እናያለን።

ኢስሊ ከሱቃችን ማዶ የምትኖር አንዲት እህታችን ስትሮክ የመታቸውን አማቷን ሦስት ዓመት አስታማለች። ስሟን አንጠራም፤ የምታውቋትም አትጥሩ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። እማማን ወደ ጤና ጣቢያ ለመውሰድ ሁለት ጎረምሶች ከነወንበራቸው ተሸክመው ያወርዷቸዋል። በየወሩ የእማማ ደም ግፊት ይለካል፣ መድኃኒታቸው ይታደሳል። እሷን የጠየቀ አልነበረም፤ ካርዱ የወጣው በእማማ ስም ነዋ! አንድ ቀን ዘይት ልትገዛ መጥታ ሱቃችን በር ላይ ቁጭ አለች፣ መነሣት አቃታት። ስትለካ 190 በ110 ሆኖ ተገኘ። ሦስት ዓመት ሙሉ መለኪያው ከእሷ አንድ ክንድ ርቆ ነበር። ደም ግፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ነው የሚያድገው።

እውነቱን ለመናገር እኛም አልጠየቅናትም። ሱቅ ስትመጣ «እማማ እንዴት ዋሉ?» ነበር የምንላት። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ትሄዳለች።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ያዋጣል። ይህ የምንኮራበት ነው። በሽተኛው በሕይወት ሳለ ቀንና ሌሊት ለምታገላብጠው ግን በመተዳደሪያ ደንባችን አንድ መስመር የለም። ከውጭ ገንዘብ የሚልኩ ወንድሞችም የድርሻቸውን የጨረሱ ይመስላቸዋል። (በደብተራችን ካሉት አስታማሚዎች ወንድ አንድም አላገኘንም። ይህን ወንዶች ሆነን ስንናገር እናፍራለን።)

በአገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞሩ ማስተማራቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ኬንያም በ2023 መቶ ሺህ የሚደርሱ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን አሰማርታለች፤ በቦርሳቸው የግፊትና የስኳር መለኪያ አለ። ቤታችሁ ሲመጡ የታመመውን ብቻ አታሳዩ፤ የእናንተንም ክንድ ዘርጉ። የድሮው የጤና መድን በኦክቶበር 2024 በአዲሱ የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተተክቷል፤ ያልተመዘገበ ቤተሰብ ካለ የመኖሪያ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ይጠይቅ።

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ለራሳችሁም ካርድ አውጡ። ለነርሷ እንቅልፋችሁን፣ ወገባችሁን፣ ያቋረጣችሁትን የራሳችሁን መድኃኒት ንገሩ። ማልቀስ ከበዛም ንገሩ፤ ደከመኝ ማለት እማማን ጠላሁ ማለት አይደለም። የተኛ ሰው እንዴት እንደሚገላበጥ እንድታሳያችሁ ጠይቁ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ያህል ይገላበጣል፣ ሲነሣም በወገብ ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ ነው። ይህን ለእህታችን ማንም አላሳያትም ነበር፤ ወገቧ የተጎዳው በዚያ ነው። ስዋሂሊ ለሚቸግራችሁ ልጆቻችሁ ያስተረጉማሉ፤ የእናትን ለቅሶ ግን ልጅ አያስተርጉም፣ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

እህታችን ዛሬ መድኃኒቷን ጀምራለች፣ ግፊቷም ወርዷል። በዚህ አዳራሽ ግን የለችም፤ እማማን ለማን ትታ ትምጣ? ስለዚህ ከእድሩ ኮሚቴ ጋር ተነጋግረናል። በየቅዳሜው ከ8 እስከ 11 ሰዓት ሁለት ሰው ከታማሚው ጋር ይቀመጣል፤ አስታማሚዋ ትተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ትሳም፣ ወይም የራሷን ቀጠሮ ትሂድ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ሰው ተገኝቷል፣ የባለቤታችን እህት ናት። አንድ ይቀራል። መመዝገቢያው ደብተር በመግቢያው በር፣ ከቡናው አጠገብ ነው።