በሞተር ብስክሌት ወደ ባሌ ተራሮች
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን በሁለት ሞተር ብስክሌት ወደ ባሌ ተራሮች ሄደን በተመለስን ጊዜ፣ የሁላችሁም የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ?» የሚል ነበር። እኛም ደስ ብሎን ሰዓቱን ነገርናችሁ፤ ጥቂትም ሳንጨምርበት አልቀረንም። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ጓደኞቻችን በሚመጣው ዕረፍት ከጎባ እስከ ዶሎ መና ለመወዳደር መዘጋጀታቸውን ሰማን። የዛሬው ንግግራችን ያንን የነገርናችሁን ለማረም ነው።

መንገዱን ባጭሩ እንግለጽ። ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ ደረስን። በጋይሳይ ሸለቆ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን በሣሩ ላይ ተሰማርቶ አየን። ጎባ አደርን። በማግሥቱ በአስታው ጫካ መካከል እየተጠማዘዝን ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን።

እዚያ ትምህርታችን ተጀመረ። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ነው። ሞተር የሚሠራው ቤንዚንና አየር ተመጥነው ሲገቡለት ስለ ሆነ፣ ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ካርቡራቶር ሳነቴ ላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ጥላሸት ለበሰ፤ ሞተሩ አንቆ አንቆ ቆመ። ከመካከላችን አንዱ ፊልትሮውን አውጥተን እንንዳ አለ። አየሩ በርግጥ ይጨምር ነበር፤ ነገር ግን አቧራው ሲሊንደሩን ይበላዋል። ስለዚህ ካንዴላውን ጠርገን፣ የካርቡራቶሩን ቪት አስተካክለን፣ በዝቅተኛ ማርሽ ቀጠልን። ሰውም እንደ ሞተሩ ነው፤ አንዱ ጓደኛችን ራሱን አሞት ይንገዳገድ ነበር።

በዚህ ሁኔታ ሞተራችንን ስንገፋ አንድ ሽማግሌ በፈረስ ደረሱብን። ፈረሳቸው ዳገቱን እንደ ሜዳ ይረግጠዋል። ጥድፊያችንን አይተው፣ ኦሮምኛ የሚያውቀውን ጓደኛችንን፣ «ማን ታሞባችሁ ነው?» ብለው ጠየቁት። «ማንም አልታመመም፤ ለመዝናናት ነው» አላቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያስ ሱታ፣ ሱታ» አሉ። በቀስታ ማለታቸው ነበር። የታመመውን ጓደኛችንን በፈረሳቸው ላይ አስቀምጠው፣ ራሳቸው በእግራቸው እየመሩ፣ መንገዱ ወደሚያዘቀዝቅበት ድረስ ሸኙን። በመንገድ ላይ እንዳጫወቱን፣ ከሪራ ለሚነሣ ሰው ይህ መንገድ የጎባ ሆስፒታል መንገድ ነው። የሚቸኩልበትም ሰው በሽተኛ የያዘ ነው።

ምክሩን ሰማን እንጂ ወዲያው አልተቀበልንም። መንገዱ ቀጥ ሲል ከፊት የነበረው ጓደኛችን ፍጥነት ጨመረ። ከሣሩ መካከል አንድ ቀይ ቀበሮ ወደ መንገዱ ብቅ አለ። ዓይኑ በፍልፈሉ ጉድጓድ ላይ እንጂ በእኛ ላይ አልነበረም። ጓደኛችን ፍሬን ሲይዝ ጠጠሩ አንሸራቶት ወደቀ፤ ክንዱ ተላጠ፤ ቀበሮው ግን ተረፈ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከእነርሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። አንድ ተማሪ በአንድ ደቂቃ ጉራ ከእነዚህ አንዱን ሊያጠፋ ተቃርቦ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጠን ክንዱን ስናስር ማናችንም አልተናገርንም።

ከዚያ ወዲያ በቀስታ ሄድን፤ ማየትም ጀመርን። ጅብራው በየአምባው ቆሞ፣ ቱሉ ዲምቱ በ4,377 ሜትር ከፍታው ከበላያችን ነበር። ቁልቁለቱን ፍሬን እንዳይግል በማርሽ ይዘን ሪራ ወረድን። ከሪራ በታች የጫካ ቡና የሚበቅልበት የሐረና ደን አለ። በአንድ ቀን ውኃ ከሚረጋበት ደጋ ተነሥተን ሙቀቱ ልብስ ወደሚያስወልቅበት ቆላ ደረስን። ከእነዚህ ተራሮች የሚወርዱት ወይብንና ወልመልን የመሳሰሉ ወንዞች ከቆላው አልፈው ሶማልያ ድረስ ሰውና ከብት ያጠጣሉ። ዩኔስኮ ይህን ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ አትሂዱ አንላችሁም። እኛ ተማሪዎች ስለ ገጠሩ ብዙ እንናገራለን፤ ያየነው ግን ጥቂት ነው። ሂዱ። ጎባ አንድ ሌሊት አድራችሁ ሰውነታችሁን አለማምዱ፤ ቤንዚን ሞልታችሁ ውጡ፤ ራስ ምታቱ ከጠና ሳትከራከሩ ውረዱ። ውድድሩን ግን ተዉት። ማኅበሩም በስሙ እንዳይደረግ ዛሬ እንዲወስን እንጠይቃለን። ውድድሩን የቀሰቀሰው የኛ ወሬ ነውና ጥፋቱ ከኛ ይጀምራል፤ ድምፅ ሲሰጥም እጃችንን አስቀድመን የምናነሣው እኛ ነን።