አንድ ቅርጽ፣ ልዩ ልዩ ዕድሜ፦ የዲስክ ጎልፍ ዲስክ ስለ ፕላስቲክ እርጅና የሚያስተምረን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ አንድ መጫወቻ በመሆኑ ለዚህ ጉባኤ የማይመጥን ቀላል ነገር ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ ስለ ፕላስቲክ እርጅና ከዚህ መጫወቻ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ እስካሁን አላገኘሁም። በሥራችን አንድን የፕላስቲክ ዕቃ የምንመዝነው አብዛኛውን ጊዜ በአዲስነቱ ነው። ቅርጹን እናያለን፤ ልኩን እንለካለን፤ ዋጋውን እናወዳድራለን። ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ግን ሥዕሉም ደረሰኙም አይነግረንም። የዲስክ ጎልፍ ተጫዋቾች ይህን ያውቃሉ፤ ያወቁትም በቤተ ሙከራ ሳይሆን በየሳምንቱ በእጃቸው ነው። እኔም ነገሩን የተረዳሁት ለከፍተኛ ትምህርት አሜሪካ በነበርሁበት ጊዜ ከእነርሱ ነው።

ጨዋታው ስሙ እንደሚያመለክተው የጎልፍ ዘመድ ነው። በኳስና በዱላ ፈንታ የፕላስቲክ ዲስክ በእጅ ይወረወራል፤ በጉድጓድም ፈንታ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ይቆማል፤ በጥቂት ውርወራ ቅርጫቱ ውስጥ ያገባ ያሸንፋል። ሜዳው ብዙ ጊዜ ዛፍ የበዛበት መናፈሻ ስለሆነ ዲስኩ ከግንድ፣ ከድንጋይና ከጠጠር ጋር ሲላተም ይኖራል።

የዚህ ዕቃ ታሪክ ከመጀመሪያው የፕላስቲክ ታሪክ ነው። ፍሬድ ሞሪሰንና ዋረን ፍራንሲዮኒ እ.ኤ.አ. በ1948 በካሊፎርኒያ የፕላስቲክ ዲስክ ለገበያ ሲያወጡ ዕቃው በሙቀት ጊዜ ደኅና ይበር ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቅና መሬት ሲመታ ይሰባበር ነበር። በ1957 ዋም-ኦ የተባለው ኩባንያ የሞሪሰንን የተሻሻለ ሥራ ተረክቦ በኋላ «ፍሪስቢ» ብሎ ሰየመው። ኤድ ሄድሪክ የተባለው የዚሁ ኩባንያ ባልደረባ በ1967 ለተሻሻለው ዲስክ የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1975 በካሊፎርኒያ ኦክ ግሮቭ መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ አቋቋመ፤ በ1976ም የተጫዋቾቹን ማኅበር መሠረተ። ሄድሪክ በ2002 ሲሞት በኑዛዜው መሠረት አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተቀላቅሎ ዲስክ ተሠርቶበታል። የሞያ ፍቅር እስከዚህ ሲደርስ ያስገርማል። ከዚያ አስቀድሞ በ1983 የኢኖቫ ኩባንያው ዴቭ ደኒፔስ ጠርዙ እንደ ሽብልቅ የሾለ ዲስክ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የዲስኩ ምስጢር ሁሉ በጠርዙ ላይ ሆነ።

ይህ ለምን እንደሆነ ጥቂት ልግለጽ። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው በተለመደው አወራወር ሲወነጭፈው ዲስኩ ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይሽከረከራል። በፍጥነት በሚበርበት ጊዜ አየሩ የፊቱን ጠርዝ ወደ ታች ሊደፋው ይሞክራል። ነገር ግን በሚሽከረከር አካል ላይ ያረፈ ኃይል ውጤቱ የሚታየው ከሩብ ዙር በኋላ ስለሆነ ዲስኩ በመደፋት ፈንታ ወደ ቀኝ ያጋድላል። ፍጥነቱ ሲቀንስ ነገሩ ይገለበጥና በስተመጨረሻ ወደ ግራ ይታጠፋል። የጠርዙ ጫፍ ከፍ ያለ ከሆነ የግራው ዝንባሌ ያይላል፤ ጫፉ በጥቂቱ እንኳ ዝቅ ካለ የቀኙ ያይላል። እንግዲህ ዛፍ በመታ ቁጥር ጠርዙ ከተጨፈለቀ፣ ዲስኩ ቀስ በቀስ ሌላ ዲስክ ይሆናል ማለት ነው።

ርካሹ ዲስክ የሚሠራው በአብዛኛው ከፖሊኢትሊንና ከፖሊፕሮፒሊን ወገን ከሆነ ቅልቅል ነው፤ አምራቾች ትክክለኛውን መጠን ይደብቃሉ። ውዱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቴርሞፕላስቲክ ፖሊዩሪቴን ነው። የሁለቱ ልዩነት ገና ከሞልዱ ሲወጡ ይጀምራል። የቀለጠው ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ የመጀመሪያው ወገን ሞለኪውሎቹ ተደርድረው ክሪስታል ስለሚሠሩ መኮማተሩ 2 በመቶና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ፖሊዩሪቴን ግን ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። 21 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ዲስክ ላይ ይህ የ4 እና የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው። መሐሉና ጠርዙ እኩል ስለማይቀዘቅዙም የጉብታው ከፍታና የጠርዙ አቀማመጥ ይለያያል። ስለዚህ ከአንድ ሞልድ የወጡ ሁለት ዲስኮች ስማቸው አንድ ሲሆን አበራረራቸው አንድ አይደለም። ተጫዋቹ ይህን በሁለተኛው ውርወራ ያውቀዋል፤ የዕቃ ግዢ ክፍል ግን አንድ ዕቃ ብሎ ይመዘግባቸዋል።

ከዚያ ዕድሜ ይመጣል። የፖሊኢትሊን ክሪስታሎች ሲመቱ ይንሸራተታሉ፤ ተንሸራተውም አይመለሱም፤ ጠርዙ እንደ ተጨፈለቀ ይቀራል። ፖሊዩሪቴን ደግሞ በጠንካራና በለስላሳ ክፍሎች የተገመደ ነው፤ ለስላሳው ይለጠጣል፤ ጠንካራው እንደ ቋጠሮ ይዞ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በዚህም ምክንያት ርካሹ ዲስክ በአንድ የጨዋታ ወራት ጠባዩን ሲለውጥ ውዱ ለዓመታት እንዳለ ይቆያል።

ከዚህ ተነሥቶ ውዱ ይሻላል ብሎ መደምደም ግን ችኮላ ነው። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች እንደ ኢኖቫ ሮክ ያለውን አንድ ዓይነት ዲስክ ሆን ብለው ከርካሹ ፕላስቲክ ገዝተው በሦስትና በአራት ዕድሜ ይይዙታል፤ አዲሱን ወደ ግራ ለሚታጠፍ፣ መካከለኛውን ለቀጥታ፣ አሮጌውን ወደ ቀኝ ለሚሄድ ውርወራ። የጨዋታው ሕግም ዲስክን ሆን ብሎ ቀርጾ አበራረሩን መለወጥን ሲከለክል፣ በጨዋታ ብዛት የመጣውን መበላት ግን ይፈቅዳል፤ የተሰነጠቀውን ደግሞ ያግዳል። ይህን ሕግ የጻፉት ሰዎች መሐንዲሶች ይሁኑ አይሁኑ ግድ የለኝም፤ በመበላትና በመሰበር መካከል ያለውን ድንበር ከብዙዎቻችን ይልቅ አጥርተው አይተውታል።

ግጭት ብቻ አይደለም የሚያስረጀው። ፖሊፕሮፒሊን ወደ ዜሮ ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ ይደርቃል፤ ማሻሻያ ካልተጨመረበት ሲመታ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ተጣምሞ የተቀመጠ ዲስክ በጠመመበት ይቀራል። የፀሐይ ጨረር ደግሞ የሞለኪውሉን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ መከላከያ ከሌለው ፖሊፕሮፒሊን በዚህ ፈጥኖ የሚጎዳ ነው። ፖሊዩሪቴንም ቢሆን ከጉዳት ነፃ አይደለም። አሮማቲክ የሚባለው ዓይነት በፀሐይ ቢጫ ይሆናል፤ በፖሊኤስተር ላይ የተመሠረተው በሙቀትና በእርጥበት ቀስ በቀስ ይበሰብሳል፤ በፖሊኤተር ላይ የተመሠረተው ግን እርጥበትን ይችላል። «ፖሊዩሪቴን ነው» ማለት ብቻውን ገና ምንም አለማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመስኖ ሥራ ላይ የቧንቧ ማያያዣዎች በሁለተኛው በጋ በብዛት ሲሰበሩ ተጠርቼ አየሁ። ስሙን የማልጠቅሰው አቅራቢ ቀድሞ ጥቁር ማያያዣ ያቀርብ ነበር፤ በኋላ ያመጣው ግራጫ ሆነ። ሥዕሉ ያው ነው፤ ልኩ ያው ነው፤ የርክክቡ ሰነድም እንከን አልነበረውም። ጥቁሩን በእጄ ሳጥፈው ታጥፎ ተመለሰ፤ ግራጫው ላዩ ዱቄት ለብሶ ነበርና ሳጥፈው ቀጭ አለ። ቅርጹ አንድ፣ ፕላስቲኩ ሌላ። ገበሬዎቹ ግን ቲማቲሙ ውሃ በሚሻበት ሳምንት ውሃ አጡ።

አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በጣራችን ላይ የምናስቀምጠው የውሃ ታንከር ይህን ጨረር ዓመቱን ሙሉ ይቀበላል። በጨረታ ሰነዶቻችን ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማነበው «የፕላስቲክ ታንከር፣ 2,000 ሊትር» የሚል ብቻ ነው። ዲስክ ሲያረጅ በበረራው ይናገራል፤ ተጫዋቹም በየሳምንቱ ይሰማዋል። ታንከሩ ግን ቆሞ ያረጃል፤ የሚያናግረው ሰው ከሌለ መጀመሪያ የሚሰማው ስንጥቁ ነው። ስለዚህ ፕላስቲክ ስንመርጥ ስንት ዓመት ይቆያል ከማለት ጋር፣ ሲያረጅ እንዴት ያስታውቃል ብለን መጠየቅ አለብን። ጎብጦና ላልቶ የሚያስጠነቅቅ ርካሽ ዕቃ፣ ሳይታወቅ ቀጭ ከሚል ውድ ዕቃ የሚመረጥበት ቦታ አለ።

በሰነዱ ላይ መጻፍ የሚገባው ብዙ አይደለም፤ የፕላስቲኩ ዓይነት ከነደረጃው፣ የጨረር መከላከያው ዓይነትና መጠን፣ አቅራቢው ቅልቅሉን ቢለውጥ አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታው። ለጥቁር የፖሊኢትሊን የውሃ ቧንቧ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ ካርቦን ብላክ የተለመደ መመዘኛ ነው፤ ይህን መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ከዚህ ሌላ እኔ በምሠራበት ክፍል ከእያንዳንዱ ርክክብ ሁለት ቁራጭ እናስቀራለን። አንዱ ቀኑ ተጽፎበት በጨለማ መሳቢያ ይቀመጣል፤ ሌላው በጣራ ላይ በሽቦ ይታሰራል። በየመስከረሙ ሁለቱን ጎን ለጎን እናጥፋቸዋለን። ከቁራጮቹ አንዳንዶቹን ይዣቸው መጥቻለሁና ከስብሰባው በኋላ በእጃችሁ ብታጥፏቸው ደስ ይለኛል፤ የሚሰበሩት ቢሰበሩም ግድ የለም፤ ሌሎች በጣራው ላይ አሉ።